ከንፈራችሁን ከመቀባታችሁ በፊት እጃችሁን ያዙ

እኛ አገር ሰው ሲያዝን ከንፈሩን ይመጥጣል። ሲደነግጥ ከንፈሩን ይነክሳል። ነገር ሲከብደው ደግሞ ጥርሱን ነክሶ ይችላል። እኔ ሦስቱንም ባንድ ክረምት አደረግኳቸው። መስከረም ሲጠባ ቡና በጠጣሁ ቁጥር የስኒው አፍ ላይ ደም ይቀር ነበር።

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ ከአንዱ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ግራውንድ ላይ ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ነው። ድራጊስት ነኝ። ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ነው። አዲስ አበባ አለቀች ስትሉ እኛ ጋ ደረሳችሁ ማለት ነው። በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ፣ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ።

"ለከንፈር የሚሆን ቅባት ስጪኝ" የሚል ሰው በቀን ሁለት ሦስት አይጠፋም። ድሮ ከመደርደሪያው አንስቼ እሰጥ ነበር። አሁን አስቀድሜ፣ "ራሱ ነው የሚላጠው ወይስ ትልጪዋለሽ?" እላለሁ። አብዛኛው ሰው ይስቃል። እየሳቀ እጁ ወደ አፉ ይሄድና መሃል መንገድ ላይ ይቆማል።

የምጽፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። መድኃኒት እሸጣለሁ፣ የራሴንም ከንፈር በልቻለሁ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ እወቁ

ጠዋት መስኮት አጠገብ ቁሙና በመስታወት እዩት። አምፖል ሥር አይሁን፣ ቀለሙን ያሳስታል። የስልክ ካሜራም አይሁን፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች አንድ ላይ ተጠጋግተው ከወጡ፣ ከመውጣታቸውም በፊት ቦታው ካሳከከና ካቃጠለ፣ ምች የምንለው ነው። ሐኪሞች ሄርፐስ ይሉታል። ቫይረስ ነው። አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ትኩሳት ሲይዘን፣ ስንደክም፣ ስንጨነቅ ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኘን ብቅ ይላል። እናቶቻችን "ፀሐይ ላይ ወጥተሽ ነው ምች የመታሽ" ሲሉ ጨርሶ አልተሳሳቱም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። ደግሞ ምች ወጣብኝ ብላችሁ አትሸማቀቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው ይህ ቫይረስ አለበት።

አሳይክሎቪር ቅባት የሚጠቅመው ገና ማሳከክ ሲጀምር፣ በቀን 5 ጊዜ ከተቀባ ነው። ቅርፊት ይዞ ሳለ የሚመጣ ደንበኛ አለኝ፤ "ብርህን ያዝ፣ በ10 ቀን ገደማ ራሱ ይድናል" ብዬ እመልሰዋለሁ። አለቃዬ አይወድልኝም። ዳማከሴ አሽታችሁ በቡና ብትጠጡ አልከለክልም፣ ሽታውን እኔም እወደዋለሁ። ቁስሉ ላይ ግን ቅጠል አትለጥፉ። ምች ወጥቶባችሁ አራስ ልትጠይቁ ከሆነ ጉብኝቱ ለሌላ ሳምንት ይተላለፍ። ገና የተወለደ ሕፃን ይህ ቫይረስ ከያዘው ሊሞት ይችላል። ገንፎው አያመልጣችሁም።

የተሰነጠቀው የአፋችሁ ጥግ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። የብረት ወይም የቫይታሚን ቢ እጥረት፣ በልክ ያልተሠራ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አንዳንዴም የስኳር ሕመም ከጀርባው አለ። ቶሎ ካልዳነ ወይም ከተመላለሰ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ።

ከከንፈር አልፎ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የጠቆረና የሻከረ ነገር ካለ ምላሳችሁን ጠርጥሩ። ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። ከንፈር ደረቀ ብሎ መላስ እሳት ለማጥፋት ጋዝ እንደማርከፍከፍ ነው። ምራቁ ሲተን የነበረውን እርጥበት ይዞ ይሄዳል። ምራቅ ውስጥ ምግብ የሚፈጭ ነገር አለ፣ እሱም ቆዳውን ያስቆጣዋል። ልጁን "አትላስ!" ብሎ መጮህ ግን ዋጋ የለውም። ትምህርት ቤት የሚመታው ልጅ አለ ወይ? ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አለ ወይ? እሱን ጠይቁ።

ቀጥሎ የእኔ ዓይነት ይመጣል። ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ቅርፊት ይሠራል። ሲነሳ ሥሩ ቀይ ነው፣ ይቆጠቁጣል። በማግሥቱ ቅርፊቱ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ይላጣል። ኤክስፎሊየቲቭ ኪላይተስ የሚባል ስም አለው። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። የሊፕስቲክ ወይም የጥርስ ሳሙና አለርጂ ተመሳሳይ ነገር ያመጣል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባው የሚነክስ ጥርስ፣ የሚልጥ ጣት፣ የተጨነቀ ሰው አለ።

እኔ አንድ ነገር ቶሎ ሊያባንነኝ ይገባ ነበር። ከንፈር በበጋ ንፋስ ቢሰነጠቅ ያለ ነው። የእኔ የተሰነጠቀው ግን ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ ነው።

የእቁቡ ነገር

የሰፈር እቁብ ሰብሳቢ ነበርኩ። 30 ሰው፣ በሳምንት 1,000 ብር። አንድ ሰው አለ፣ ዋስ ሆኜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ዕጣ ደረሰው፣ 30,000 ብሩን ወሰደ። እስከ ስምንተኛው ሳምንት ከፈለ። ከዚያ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም፣ ቤቱን ለቋል። 22 ሳምንት ቀርቷል።

ለማንም አልተናገርኩም። "የእሱንም ተቀብያለሁ" እያልኩ በየሳምንቱ ከራሴ 1,000 ብር ጨመርኩ። ባለቤቴ አያውቅም። የቴሌብር መልእክት ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ሆዴን ያላውሰው ጀመር። ከንፈር መንከስ ከልጅነቴም ነበረብኝ፣ ፈተና ሲደርስ ብቻ ነበር። ያን ክረምት ግን ሥራዬ ሆነ። በጥርሴ ጫፉን አነሳለሁ፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ እስበዋለሁ። አንዳንዴ ረጅም ሆኖ ይወጣል። ሲወጣ ለአፍታ ቅልል ይለኛል። ይህንን መጻፍ ያሳፍራል፤ የሚያደርገው ሰው ግን የቱን ቅልል ማለት እንደማወራ ያውቃል።

አሁን ከዚህም የባሰውን ልንገራችሁ። ለደንበኛ "ፊትሽን እንዳትቀቢው" እያልኩ የምሸጠውን ክሎቤታሶል ማታ ማታ ከንፈሬን ቀባሁት። ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፣ የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት። ሦስት ቀን ተአምር ሠራ። ሳቆም ባሰበት። ስለባሰበት እንደገና ጀመርኩ። በአምስተኛው ሳምንት አፌ ዙሪያ እንደ ሽፍታ የሆነ ትንንሽ ብጉር ወረረኝ። ፊት ላይ ኃይለኛ ስቴሮይድ ሲቆይ የሚያመጣው ነገር ነው፣ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ፊት ለማቅላት ብለው ይህን ቅባት ከቫዝሊን ጋር ደባልቀው የሚቀቡ ሴቶች አሉ። ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ሲተው ያቃጥላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊታችሁና ከንፈራችሁ ላይ አታድርሱት። ጀምራችሁት ከሆነ ደግሞ እንዴት እንደምትተዉት ሐኪም ይንገራችሁ፣ ባንዴ ሲቆም ይብሳል።

ባለቤቴ ምች ነው አለ። ጎረቤቴ ዓይን ነው፣ ጸበል ግቢ አለችኝ። አለቃዬ ውሃ አትጠጪም አለ። ሁሉም ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። እኔም ቀን ቀን ማስክ አድርጌ እሸጥ ነበር።

ሐኪሟ ያየችው

መጨረሻ ላይ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከንፈሬን ታያለች ብዬ ማስኬን ሳወርድ "እጅሽን አሳዪኝ" አለችኝ። የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ደርቆ የቀረ ደም ነበር፣ እንደ ክር ቀጭን። እኔ አይቼው አላውቅም። ከዚያ "ሌሊት ትተኛለሽ?" አለችኝ። በዘጠኝ ሰዓት እንደምነቃ ነገርኳት። "ስትነቂ ምን ታስቢያለሽ?" ስትለኝ ቁጥር ነው የነገርኳት። 10,000። እስከዚያ ቀን የከፈልኩት ብር ነው።

ለብጉሩ መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ ስቴሮይዱን እንዴት እንደማቆም ነገረችኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ የቤት ሥራ ጻፈችልኝ። የምነግራችሁ እሱን ነው፣ የእኔ ጭማሪዎች አሉበት።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ናታን አዝሪንና ግሪጎሪ ነን (Nunn) የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ጥፍር ለሚነክስም፣ ፀጉር ለሚነጭም፣ ቆዳ ለሚልጥም ይሠራበታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቆዳን መላጥ ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። ስለዚህ "አመል ነው፣ ተዪው" የሚላችሁን ሰው ብዙ አትስሙት። መተው ብቻውን ቢሆን ኖሮ እኔ በመጀመሪያው ቀን እተወው ነበር።

ቁጠሩት

ለሦስት ቀን ምንም አታቁሙ። ቁጠሩ ብቻ። እኔ የአሞክሳሲሊን ካርቶን ቀድጄ ጀርባውን ኪሴ ውስጥ አደረግኩት። እጄ ወይም ጥርሴ ከንፈሬ ላይ ባረፈ ቁጥር አንድ መስመር። የመጀመሪያው ቀን 61 ሆነ። እኔ "አሥር ይሆናል" ብዬ ነበር።

ከመስመሩ አጠገብ የት እንደነበራችሁ በአንድ ቃል ጻፉ። በሦስተኛው ቀን ካርቶኑን ሳየው ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚመላለሰው። "ታክሲ" ማለት የጠዋቱ ሰልፍ ነው። "ስልክ" ማለት የቴሌብሩ ድምፅ። "ሽንት ቤት" ማለት ደግሞ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ የስልኬን ካሜራ አብርቼ ከንፈሬን አጉልቼ የማይበት ሰዓት ነው። ካሜራ አይሁን ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አጉልታችሁ ስታዩት የተነሳ ጫፍ አይታጣም፣ የተነሳ ጫፍ ካያችሁ ደግሞ ጣታችሁ አያርፍም።

ሦስት ቦታ ብቻ መሆኑ ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ መጠበቅ አይጠበቅብኝም፣ ሦስት በር ብቻ ልዝጋ።

ለእጅ ሌላ ሥራ ስጡት

እጃችሁ ሲነሳ፣ ወይም ልታነሱት ስትሉ፣ መላጥ ከሚባለው ነገር ጋር አብሮ የማይሄድ ሌላ ነገር አድርጉና አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩበት። ቡጢ ጨብጣችሁ መያዝ ይበቃል። ከንፈር በጥርስ ለሚነክስ ሰው ደግሞ ከንፈርን ገጥሞ፣ ጥርስን ከውስጥ አላቆ፣ ምላስን ላንቃ ላይ አሳርፎ በአፍንጫ መተንፈስ ነው። አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። ሰው አያውቅባችሁም፣ ታክሲ ውስጥም ይሆናል።

መቁጠሪያ ያላችሁ መቁጠሪያ፣ ሙስባሓ ያላችሁ ሙስባሓ ያዙ። ጣት የሚይዘው ነገር ካገኘ ሌላ አይፈልግም። እኔ ለታክሲው የቁልፌን ማንጠልጠያ ጨርቅ አገኘሁለት። ለማታው ግን ምስር ለቀማ አገኘሁ። ለሳምንት የሚሆነውን ምስር በትሪ አድርጌ ቴሌቪዥኑ ፊት እለቅማለሁ፣ ጠጠሩን ለብቻ፣ የተሰበረውን ለብቻ። ጣቶቼ የሚፈልጉት እሱን ነበር፣ ጥቃቅን ነገር ፈልጎ ማንሳት። በቤታችን ጠጠር ያለበት ወጥ መብላት ካቆምን ቆየን።

የቀረውን መንገዱን በማስቸገር ጨርሱት። ጥፍራችሁን ከሥሩ ቁረጡ። የሽንት ቤቱን አምፖል ደብዘዝ ባለ ቀይሩ። እኔ መስታወቱን ለአንድ ወር በልጄ የስዕል ወረቀት ሸፍኜው ነበር። ሥዕሉ ላይ እኔ አለሁ፣ ከንፈሬ ግማሽ ፊቴን ይዟል፣ ቀይ። አምስት ዓመቷ ነው፣ ሁሉንም ታይ ነበር ማለት ነው።

ቤት ውስጥ የሚረዳችሁ ሰው ካለ ምልክት ተስማሙ። "አትንኪ!" አይሠራም፣ ያናድዳል። ባለቤቴ ጠረጴዛውን በጣቱ ሁለቴ ያንኳኳል። እንግዳ ፊትም ቢሆን እኔና እሱ ብቻ እናውቃለን።

ቅባቱ

አሁን ወደ ቅባቱ። የከንፈር ቆዳ ከፊታችን ቆዳ ይልቅ በጣም ስስ ነው፣ ላብም አያወጣም። ስለዚህ እርጥበቱን የሚጠብቅለት ክዳን ያስፈልገዋል። ሽታና ቀለም የሌለው ተራ ቫዝሊን ይበቃል። ውድ የሆነውን እኔ ጋ መጥታችሁ አትግዙ። የሚያቀዘቅዝ፣ የሚያቃጥል፣ ሚንት ሚንት የሚል ወይም የቀረፋ ጣዕም ያለው ሁሉ የተላጠ ከንፈርን ያስቆጣል። ስኳርና ሎሚ ቀላቅሎ መፈተግ የሚባለውንም ተዉት። ቁስል ላይ ሎሚ ምን ይሠራል?

ውሃ እንደጠጣችሁ፣ ከንፈራችሁ እርጥብ እያለ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ማታ ወፈር አድርጉት። ጥርስ ከመቦረሻችሁ በፊትም ቀቡ፣ ሳሙናው እንዳይነካው። ሚጥሚጣና በርበሬ ለሁለት ሳምንት ቢቀር ጥሩ ነበር፣ ግን ማንም እንደማይሰማኝ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ከመብላታችሁ በፊት ቀቡ።

ተነስቶ የተንጠለጠለ ቅርፊት ካለ አትሳቡት። ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ አምስት ደቂቃ አኑሩበት። ይረጥባል፣ ይተኛል። አሁንም ከተንጠለጠለ በትንሽ ንጹሕ መቀስ ጫፉን ብቻ ቁረጡት፣ ሥሩን አትንኩት። ይህቺን መቀስ የምትጠቀሙት ቀን ብቻ ይሁን። ማታ ከሆነ መቀሱም ጣት ይሆናል።

ንገሩ

ይህን ሁሉ አድርጌ ቁጥሩ ከ61 ወደ 20 ወረደ። እዚያ ላይ ቆመ። ለአሥር ቀን ያህል 20፣ 22፣ 19። የሐኪሟ ወረቀት መጨረሻ ላይ "ለማን ትነግሪያለሽ?" የሚል ነበር፣ እሱን ዘልዬው ነበር።

መጀመሪያ ለባለቤቴ ነገርኩት፣ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ፊቱን እንዳላይ። ብዙ አላወራም። "እኔ እኮ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር" አለ። ምን መስሎት እንደነበር እስካሁን አልጠየቅኩትም።

እሁድ እቁቡ ሲሰበሰብ ተነስቼ ተናገርኩ። ደብተሩን ዘርግቼ፣ ያን ሰው ከጠፋ 14 ሳምንት እንደሆነው፣ የከፈልኩት እኔ እንደሆንኩ። ዝም አሉ። ከዚያ በዕድሜ ትልቋ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ተነስተው መጡና አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝ። "ይኼን ከንፈር የበላው የእኛ ብር ነው?" አሉ። ተቆጥተው ነው ያሉት፣ በእኔ ይሁን በሰውየው አልገባኝም። የቀረው 8 ሳምንት፣ 8,000 ብር ነበር። ለ29 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 276 ብር አይሞላም። ሁለት ሰው አጉረመረመ፣ እሱም ደንብ ነው። የከፈልኩት 14,000 አልተመለሰልኝም። ሰብሳቢነቱንም ለሌላ ሰጠሁ።

ሁሉም ጭንቀት በ276 ብር አይፈታም። ሐዘን አለ፣ ከዓረብ አገር ይዘውት የመጡት ነገር አለ፣ ለማንም የማይነገር የቤት ውስጥ ጉዳይ አለ። ለጎረቤት መንገር ካልሆነላችሁ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሩብ ሰዓት ወስናችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሌሊት ስትነቁ "የእሱ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው" በሉት። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን አታቋርጡ።

ከንፈር ያልሆነውም

መድኃኒት ቤት ቆሜ የማየው ከንፈር ብቻ አይደለም። ማጅራቷ ላይ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል የወፈረባት ሴት አለች። ያሳክካል፣ ታካለች፤ ስላከከችው ይወፍራል፣ ስለወፈረ ያሳክካል። እጁን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ታጥቦ መዳፉ የተሰነጠቀበት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለ። ጢሙን አንድ አንድ እየነቀለ አገጩ ላይ ባዶ ቦታ ያወጣ የታክሲ ረዳት አለ። ሶርያሲስ፣ ኤግዚማ፣ እንደ ንብ ንድፊያ የሚያብጠው ሽፍታ፣ እነዚህ በራሳቸው ያሉ የቆዳ ሕመሞች ናቸው፣ ጭንቀት ሲጨምር ግን ብዙ ሰው ላይ ይነሳሉ። ቆጠራውና የእጅ ሥራው ለሚያኩትም ለሚነቅሉትም ያገለግላል። ለሚያክ ሰው አንድ ልጨምር፦ ማከኩን ትታችሁ በእርጥብ ቀዝቃዛ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ወይም ከጎኑ ያለውን ቆዳ በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉ።

ቤት የማይቀመጥባቸው ነገሮች

አንድ ቦታ ላይ ያለ ቁስል ሳትነኩት ሦስት ሳምንት ካልዳነ፣ በተለይ ዕድሜውን ፀሐይ ላይ የሠራ ሰው የታችኛው ከንፈር ላይ ከሆነ፣ ሐኪም ይየው። ከንፈሩ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካለ አትቆዩ። አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ፣ ለምሳሌ ኮትሪሞክሳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ከዚያም ከንፈራችሁና አፋችሁ ከቆሰለ፣ ዓይናችሁ ከቀላ፣ ሰውነታችሁ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ነገ አትበሉ። መድኃኒቱን ይዛችሁ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቡ። የሕይወት ጉዳይ ነው።

እንቅልፍ ለሳምንታት ካጣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ "ባልኖርስ" የሚል ሐሳብ ብልጭ ካለባችሁም እንደዚያው፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናግራችሁ ሆስፒታል ሂዱ፣ ብቻችሁን አትሁኑ። በእኛ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ለአእምሮ ጤና አማኑኤል፣ ለቆዳ አለርት አሉ። አማኑኤል ሲባል ሰው ይደነግጣል። ምንም የለውም፣ ካርድ ይወጣል፣ ወንበር ላይ ይጠበቃል፣ እንደ ማንኛውም ሆስፒታል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ማጻፍ አትርሱ፣ ያለሱ ሄዳችሁ ተመልሳችሁ ስትመጡ የታክሲው ብር ያስለቅሳል።

ካርቶኑ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ አምስተኛው ነው። ትናንት 3 አለ፣ ሦስቱም "ታክሲ"። ዛሬ ይህን ስጽፍ፣ የክሎቤታሶሉ ጋ ስደርስ፣ እጄ ሁለቴ ተነስቷል። ምስሩ አልቋል፣ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ከገበያ ሁለት ኪሎ አመጣለሁ።